ከአዝሩ የመጣው ካባ

እናቴን የቀበርናት ባለፈው ሳምንት ነው። ድንኳኑ ተነስቶ፣ ለቀስተኛው ወደየቤቱ ሄዶ፣ የቅርብ ዘመዶች ብቻ ስንቀር ልብሷንና ዕቃዋን ምን እናድርገው ከማለታችን በፊት አንድ የከበደ ጉዳይ ነበረብን። ልጄ ምህረት ህንድ አገር ሁለተኛ ዲግሪዋን እየተማረች ነው። ያሳደገቻት አያቷ ናት። ማን ይንገራት? መልሱ እኛ ዘንድ የታወቀ ነው፤ ማንም አይነግራትም። በሰው አገር ላለ ሰው መርዶ በስልክ አይነገርም። አገሩ ሲገባ፣ ወገን ከቦት፣ በማለዳ ይረዳል።

«ስትደውል ሀደሮ ሄደዋል እንበላት» አለች የወንድሜ ሚስት። «እህታቸው ጋ። እዚያ ኔትወርኩ አይሠራም እንላለን።»

«ሁላችንም ሀደሮ እንበል እንግዲህ» አለ ወንድሜ። «አንዱ ሀደሮ ሌላው አንጋጫ እንዳይል፤ አንድ አፍ እንሁን።»

እኔ ዓይኔ ግድግዳው ላይ ነበር። እናቴ ጠዋት ጠዋት ስትለብሰው የኖረችው ቡናማ የሱፍ ካባ እዚያው ምስማሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ክርኑ ሳስቷል፣ ቆቡ ወደ ኋላ ወድቋል። ሰፈሩ ሁሉ የእሷ ካባ አድርጎ ነው የሚያውቀው። እኔ ግን የገዛሁት ለእሷ አልነበረም።

ያኔ ወጣት ነበርኩ፤ በግብርና ባለሙያነት ከተቀጠርኩ ብዙም አልቆየሁም። በስንዴ ላይ ለሚሰጥ ሥልጠና ሞሮኮ ትሄዳለህ ተባልኩ። እናቴ ዜናውን ስትሰማ ጸሎት ጀመረች፤ አባቴ ግን መጀመሪያ የጠየቀኝ «ይበርዳል?» ብሎ ነው። አባቴና የሆሳዕና ብርድ እንደ ድንበር ጠበኛ ጎረቤታሞች ነበሩ። ክረምት ሲገባ ጋቢ ላይ ኮት፣ ኮት ላይ ጋቢ ይደርባል፤ በዚያ ላይ ጆሮውን በፎጣ ይጠቀልላል። የሰፈሩ ወንዶች ይስቁበታል፣ እሱ ግድ የለውም።

«እዚያ አገር ሽማግሌዎች የሚለብሱት ካባ አለ፤ በቴሌቪዥን አይቻለሁ» አለኝ። «ቆቡ አብሮ የተሰፋ ነው። እሱን አምጣልኝ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምን ያደርግልኛል? ጆሮዬ ከሞቀ ይበቃኛል።»

ስለየው ደህና ነበር። ያስለው ነበር፣ ግን ሁልጊዜም ያስለዋል።

ቤታችን ስልክ አልነበረንም። የሰፈሩ ስልክ የጋሽ ከድር ሱቅ ስልክ ነው። የጋሽ ከድር አያት ከጉራጌ መጥተው ሆሳዕና የከተሙ ነጋዴ ነበሩ፤ እሱ ሀዲይኛውን ከእኛ እኩል፣ አንዳንዴም ከእኛ አጥርቶ ይናገራል። ሚዛኑም ቃሉም የማይዛነፍ ሰው ነው ይባልለት ነበር። ዓርብ ዓርብ እደውላለሁ። አባቴ ቀደም ብሎ ሄዶ ሱቁ ደጃፍ ያለው ሳጥን ላይ ይቀመጣል፤ ስልኩ ሲጮህ ባለቤቱን ቀድሞ ያነሳዋል። ርቀቱን በድምፁ ሊሸፍነው ይመስል እየጮኸ ነበር የሚያወራኝ። ያየሁትን ስንዴ ሁሉ ይጠይቀኛል፣ በመጨረሻም «ካባውን እንዳትረሳ» ይለኛል።

ሥልጠናው መክነስ የምትባል ከተማ ውስጥ ነበር። አንድ ዓርብ እረፍት አገኘን። ጓደኞቼ ባሕር ሊያዩ ወደ ትልልቆቹ ከተሞች ሄዱ። እኔ ደገኛ ነኝ፣ ደጋ ናፈቀኝ። አዝሩ የምትባል ትንሽ የተራራ ከተማ አለች፣ ብርድ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው፣ ጥሩ የሱፍ ካባ ከፈለግህ እዚያ ሂድ አሉኝ። ባረጀ መርሰዲስ ታክሲ፣ ከሹፌሩ ጎን ሁለት ከኋላ አራት ሆነን ተጠቅጥቀን ሄድን። ካልሞላ አይነሳም፤ ሹፌሩም አንድ ሰው ጎደለ እያለ ይጣራል። የሆሳዕናን መናኸሪያ አስታወሰኝና ብቻዬን ሳቅሁ። ወሩ ሚያዝያ ነበር። መንገዱ ግራና ቀኙ አረንጓዴ ስንዴ፣ በስንዴው መሐል ደም የመሰለ የዱር አበባ። ከፍ እያልን ስንሄድ የፖም ዛፎች ነጭ አብበው ነበር።

አዝሩ መሐሏ ላይ አንድ ትልቅ ጥቁር ቋጥኝ ቆሟል። የከተማዋም ስም ቋጥኝ ማለት ነው አሉኝ። የቤቶቹ ክዳን አረንጓዴ ሸክላ ነው፤ ከከተማዋ በላይ መጽሐፍ ቅዱስ አርዘ ሊባኖስ የሚለው ዓይነት ዛፍ ተራራውን ሸፍኖታል። አናጺዎቹ ያንን እንጨት ሲልጉ ሽታው መንገዱን ሁሉ ይሞላዋል። ሰዎቹ እርስ በርሳቸው በራሳቸው የተራራ ቋንቋ ይጫወታሉ፤ እንግዳ ሲመጣ ወይም ቢሮ ሲገቡ በአረብኛ ያወራሉ። እንደ እኛው ናቸው ብዬ ደስ አለኝ። ይህን ለአባቴ ልንገረው አልኩና ሰማያዊ ሰሌዳ የለጠፈ አንድ የስልክ ቤት ገባሁ።

ስልኩ ረጅም ጊዜ ጠራ።

«ሃሎ፣ ማን ልበል?» ጋሽ ከድር ነው።

«ማርቆስ ነኝ ጋሽ ከድር። አባባ አልመጣም እንዴ?»

ድምፁ ድንገት ሞቀ። «ማርቆስዬ! እንዴት ነህ? ምግቡ ተስማማህ? ብላ እንጂ፣ በደንብ ብላ!»

«እበላለሁ። አባባስ?»

«አባትህማ ለቅሶ ሄዷል፣ ቦኖሻ። ደህና ነው፣ ምንም አልሆነም። እንካ፣ እህትህ እዚህ አለች።»

እህቴ አማረች ዱራሜ ነው ያገባችው። ሆሳዕና የምትመጣው ለበዓል ወይም ለችግር ነው።

«አማረች፣ መቼ መጣሽ?»

«ዛሬ። ቅቤ ልገዛ።»

ከዱራሜ ተነስታ ቅቤ ልትገዛ ሆሳዕና! የከምባታ ላም ሁሉ ነጥፎ ነው? አንድ ደቂቃ ያህል ልስቅ ምንም አልቀረኝም ነበር።

«አባባ የት ሄደ?» አልኳት።

«ፎንቆ። ገበያ ወርዷል።»

ከኋላዋ አንድ ሰው «እ!» ሲል ሰማሁ፤ ጋሽ ከድር መሰለኝ። ሁለቱ አልተመካከሩም ነበር። እያንዳንዳቸው ከፍቅራቸው ብዛት የየራሳቸውን ውሸት አዘጋጅተው ነበር የጠበቁኝ፤ አንዱ ቦኖሻ ላከው፣ አንዷ ፎንቆ ላከችው። አባቴ በአንድ ቀን ሁለቱም ቦታ አልነበረም። የትም አልነበረም።

እንደዚያ ነው ያወቅሁት። እሷም ማወቄን እንዳታውቅ ፈራሁ። ያ ሁሉ ሰው በአንዲት ሱቅ ውስጥ ቆሞ ለእኔ ብሎ የያዘውን ትንፋሽ ማስለቀቅ ጭካኔ መሰለኝ። ስለዚህ ረዳኋቸው።

«ዝናቡ እንዴት ነው?» አልኩ።

«ጥሩ ነው፣ ዘንቧል። ጥሩ ነው።»

«አባባ ሲመጣ ሰላም በይልኝ።»

«እሺ» አለች፤ ቻው ሳትል ስልኩ ተዘጋ።

የስልክ ቤቱ ሰውዬ ፊቴን አየና «ላባስ?» አለኝ። እዚያ አገር ሰው ሲገናኝ የሚለው ነው፤ ደህና ነህ፣ ክፉ ነገር የለም? ማለት ነው። መልሱም ያው ነው። «ላባስ» አልኩትና ወጣሁ።

ጉልበቴ ከዳኝ፣ ምድር ዞረችብኝ ብል ደስ ይለኝ ነበር። ምንም አልሆንኩም። ሰው ክንዱ ላይ ተኝቶ ሲነሳ እጁ የእሱ ያልሆነ እንደሚመስለው፣ እኔም መላ ሰውነቴ እንደዚያ ነበር። ቋጥኙን ሄጄ አየሁት። ሰዎች ፎቶ ይነሱ ነበር፤ አንድ ቤተሰብ አንሳን ቢሉኝ አነሳኋቸው። አንድ አናጺ ሳጥን ሲሠራ ቆሜ ተመለከትኩ፤ ሳጥኑ የልብስ ነበር። ከዚያ እግሬ ካባ ወደሚሸጥበት ተራ ወሰደኝ። ለካባ ነበር የመጣሁት።

ሻጩ ጢሙ የሸበተ ሽማግሌ ነው። ሰው «ሲ ሞሐ» ይለዋል፤ «ሲ» ማለት እንደኛ ጋሼ ነው። ከቱሪስት የለቃቀማት እንግሊዝኛ ነበረችው።

«ለማን ነው?»

«ለአባቴ።»

«ቁመቱ ምን ያህላል?»

አየሁት። «አንተን ያህላል።»

ሲ ሞሐ ቡናማውን አንስቶ ራሱ ለበሰው። ቆቡን ደፋና ስፌቱን ላሳይህ ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ። አባቴ ከጋሽ ከድር ሱቅ ወደ ቤት ሲመለስ ከኋላው ሳየው ልክ እንደዚያ ነበር የሚሆነው። ዋጋውን ሳልከራከር ከፈልኩት።

ካባውን ጠቅልሎ ሰጥቶኝ ልወጣ ስል ክንዴን ያዘኝ። «ዛሬ ዓርብ ነው፣ ሳትበላ አትሄድም» አለኝ። ከመስጊድ መልስ ሚስቱ ትልቅ ሳህን ኩስኩስ ወደ ሱቁ ልካ ነበር። ጎረቤት ሻጮችም መጥተው ከበብነው። በእጅ፣ ከአንድ ሳህን፣ ሁሉም ከፊት ለፊቱ ነው የሚበላው። ሲ ሞሐ ሥጋውን እየቆረሰ ወደ እኔ ይገፋዋል፤ «ብላ፣ ብላ» ይለኛል። የዚያን ቀን ሁሉም ሰው ብላ ነበር የሚለኝ። እኔም በላሁ፣ ብዙ በላሁ። ዱባው ቢጫ እንደነበር ትዝ ይለኛል፤ ጣዕሙ ግን አሁንም አይመጣልኝም።

ስሰናበተው «ለአባትህ ሰላም በልልኝ» አለኝ።

«እሺ» አልኩት፣ እንደ አማረች።

ሥልጠናው እስኪያልቅ ዓርብ ዓርብ መደወሌን አልተውኩም። እኔ ስለ ዝናቡ እጠይቃለሁ፣ እነሱ ስለ ምግቡ ይጠይቁኛል። አባቴም አንዴ ቤተ ክርስቲያን፣ አንዴ ገበያ፣ አንዴ ሽምግልና ይሄዳል። በሕይወቱ እንደዚያ የተዘዋወረበት ጊዜ አልነበረም።

ሆሳዕና ስገባ መሽቶ ነበርና አጎቴ ቤት አሳደሩኝ። ገና ሊነጋ ሲል ሽማግሌዎቹና ፓስተሩ በሩን ከፍተው ገቡ። እኔ ለብሼ፣ ጫማዬን አስሬ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነበር። እርስ በርስ ተያዩ። ነገሩኝ። እንዳለቅስ ጠበቁ፣ አላለቀስኩም። «ደንዝዟል፣ ተዉት» አለ አንዱ። ጋሽ ከድር በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ «ዋሸሁህ ልጄ፣ ዋሸሁህ» እያለ ሲንሰቀሰቅ ያባበልኩት እኔ ነኝ።

እናቴ ግን ወደ ማታ፣ ሰው ቀለል ሲል፣ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። በእነዚያ ስልኮች ሁሉ እሷ አንድ ቀን እንኳ አልቀረበችም ነበር። ውሸት እንደማትችል ስለምታውቅ ነው።

«አውቀህ ነበር አይደል?»

«አዎ።»

«ብቻህን እንዴት ቻልከው?»

«አልተሰማኝም እማዬ።»

ከዚያ በላይ አልጠየቀችኝም። ሻንጣዬን ከፍታ ካባውን አወጣች፣ ለበሰችው፣ ቆቡን ደፋችው። «እውነትም ጆሮ ያሞቃል» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእሷ ሆነ።

መርዶ በስልክ አይነገር የሚለውን ልማድ አልነቅፍም። ሰው ብቻውን ሰምቶ እንዳይወድቅ የሚጠብቀው ነው። ግን ያወቀውን ሰው አያውቅም ብለው ሲከልሉት ሐዘኑን የሚያኖርበት ቦታ ያጣል። የእኔ እዚያ አዝሩ የቀረ ይመስለኛል። ለአባቴ አላለቀስኩም፤ ባለፈው ሳምንት የእናቴ ሬሳ ሳጥን አጠገብ ስቆምም ዓይኔ ደረቅ ነበር።

ይህን እያሰብኩ ስልኩ ጠራ። ምህረት ናት። ሁላችንም ቀና ብለን ተቀመጥን፤ የወንድሜ ሚስት ጥቁር ሻሿን ከራሷ ላይ አውርዳ ደበቀችው። ግን ምህረት ካሜራዋን አልከፈተችም። ሁልጊዜ ከፍታ ነበር የምትደውለው። ድምፁን ከፍ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

«አባዬ፣ እንዴት ናችሁ? ሁላችሁም ደህና?»

«ደህና ነን።»

«አጎቴስ? ልጆቹስ? ዝናቡ ጀመረ?»

«ጀምሯል» አልኩ። የዝናቡን ጥያቄ አውቀዋለሁ። ሁሉንም በየስሙ ጠየቀች። ሀደሮ የምትለዋ ቃል በሁላችንም አፍ ተዘጋጅታ ትጠብቃለች፤ ምህረት ግን ለዚያች ቃል የሚሆን ጥያቄ አልጠየቀችም። ስለ ትምህርቷ ነገረችን። ስለ ሙቀቱ ነገረችን። ልትሰናበት ስትል ቆም አለች።

«አባዬ፣ የእማማን ካባ ለሰው እንዳትሰጡብኝ።»

እኛ ዘንድ ለችግረኛ ታጥፎ የሚሰጠው የሟች ልብስ ነው። ወንድሜ እጁን እያወዛወዘ ዝም በል አለኝ።

«አልሰጥም» አልኳት። «ምህረቴ፣ ብቻሽን እንዴት ቻልሽው?»

ስክሪኑ በራና ፊቷን አየሁት። ዓይኗ አብጧል፤ አንገቷ ላይ ጥቁር ነጠላ ጣል አድርጋለች። ከማን እንደሰማች፣ ለእኛ ስትል ደብቃ ስንት ቀን ብቻዋን ለብሳው እንደቆየች አላውቅም።

ተነስቼ ካባውን ከምስማሩ አወረድኩት። እንድታየው ለበስኩት፤ ቆቡን ወደ ጆሮዬ ሳብኩት። ሱፉ የእናቴን ጠረን ይዟል። «አባዬ» አለች ምህረት፣ ሌላ ቃል አልወጣትም። እኔም የዚያን ጊዜ፣ ልጄ እያየችኝ፣ ለአባቴም ለእናቴም አለቀስኩ።