የፊተኛው ረድፍ ቀይ ወንበሮች

አንሴልሞ ከሌላ አገር፣ ከኢሎኢሎ፣ በመርከብ ወደ እኛ ደሴት ወደ ፔናንግ ሲገባ ገና ወጣት ነበር። ከባሕሩ ዳር ያለው ሆቴል ጃዝ የሚጫወት ፒያኒስት ሲፈልግ መጣ፤ በዚያው ቀረ። እኔ ከቤቱ ፊት ለፊት ልብስ እሰፋ ስለነበር፣ የነጭ ሸሚዙን እጅጌ ጫፍ ባለቀ ቁጥር ገልብጬ እሰፋለት ነበር። ሁልጊዜ ቀድሞ የሚያልቀው የቀኙ ነው።

በመጣበት ዓመት፣ ሙታን ወደ እኛ በሚመለሱበት በሰባተኛው የጨረቃ ወር፣ እንደ ወትሮው መንገዳችን ላይ የኦፔራ መድረክ ተተከለ። የፊተኛው ረድፍ ቀይ ወንበሮች ባዶ ነበሩ። አንሴልሞ ደክሞት ኖሮ ሄዶ ዳር ካለችው ላይ ቁጭ አለ። ኑድል ሻጯ ሲው ኪም ጭልፋዋን እንደያዘች ሮጣ እጅጌውን ጎተተችው።

«ተነስ አንተ! የፊቱ ረድፍ የሙታን ነው፤ የሰው አያት ላይ እኮ ነው የተቀመጥከው!»

ብድግ ብሎ ባርኔጣውን አወለቀና ባዶዋን ወንበር «ይቅርታ እማማ» አላት። ሲው ኪም ሳቋ አመለጣት። በዓመቱ ተጋቡ።

ሆቴሉ ኑድል ሻጭ አያስገባም። ስለዚህ ማታ ማታ ድስቷን አጥባ የባሕሩ ግንብ ላይ ትቀመጥና በመስኮት የሚወጣውን የእሱን ዜማ ታዳምጣለች። ማዕበሉ ሲበረታ ዜማውን ይወስድባታል።

«ዛሬ መሃሉን ባሕሩ በላው» ትለዋለች ቤት ሲገባ። እሱም የተበላውን በጣቶቹ ጠረጴዛው ላይ ይጫወትላታል።

«አንድ ቀን ፊት ለፊት አስቀምጬሽ እጫወትልሻለሁ።»

እንዲህ እየተባባሉ ሸበቱ። ሆቴሉ ሲዘጋ አሮጌውን ፒያኖ ለእሱ ሰጡት። ሲው ኪም ግን ያን ቀን አላየችውም፤ ዝናቡ ሳይገባ በሳንባ ምች ሞተች።

ሰባተኛው ወር ሲቃረብ አንሴልሞ የሙታኑን በዓል ወደሚያዘጋጁት ሽማግሌ፣ ወደ ጋሽ ቴዎ ሄዶ፣ መድረኩ ላይ እንዲያጫውቱት ለመነ።

«ሙታን የሚወዱት ኦፔራ ነው» አሉት። «ያንተን የተወሳሰበ ሙዚቃ ሰምተው ቢቆጡ ገበያችን ይደርቃል።»

«አንዷ ትወደዋለች፣ ጋሼ።»

«ሌሎቹ ጥለው ቢሄዱስ?»

«ለእሷ ቦታ ይሰፋላታል።»

ሽማግሌው ሳቃቸው ሲመጣ ሳል አስመሰሉት። «ኦፔራው ሳይጀመር፣ አንድ ዜማ ብቻ! ከተቆጡ ግን ጣጣው ያንተ ነው።»

ፒያኖው በዓሣ ጋሪ መጣ። ፀሐይ ስትጠልቅ መጫወት ጀመረ። ከእርጥበቱ የተነሣ ከፒያኖው ቁልፎች አንዷ አብጣ፣ ከተጫኗት አትመለስም ነበር፤ እንደ ኩሬ እየዘለለ አለፋት። ዜማው ይርቃል፣ ይጠፋል፣ ደግሞ ከባሕር እንደሚመጣ ሁሉ ቀስ ብሎ ይመለሳል። እኔ መርፌዬን ይዤ መቆሜን ረሳሁት።

ከዚያ ዝናቡ ወረደ። ሁላችንም ወደ በረንዳ ሮጥን። መድረኩ ጣሪያ አለው፤ ቀዮቹ ወንበሮች ግን ዝናቡ ይወርድባቸዋል። አንሴልሞ አላቆመም። ከፊተኛው ረድፍ ማንም አልተነሳማ።

ጋሽ ቴዎ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ወደ ዝናቡ ገቡ። ሊያስቆሙት ነው ብለን ነበር። እሳቸው ግን ወንበሮቹ ዘንድ ቆመው፣

«የትኛዋ ናት የሷ?» ብለው ጮኹ።

አንሴልሞ እጁን ሳያነሳ በአገጩ ወደ ዳሯ ጠቆመ፤ ያኔ በመጣበት ዓመት ወደተቀመጠባት።

ጃንጥላውን ከበላይዋ ያዙላት። የእሳቸው ጀርባ በሰበሰ። ዜማው ሲያልቅ፣

«ድገመው እንጂ!» አሉት። «መሃሉን ዝናቡ በላው።»