ሌላኛው ጫፍ

ትናንት ከሥራ ገብቼ ቁም ሳጥኔን ስከፍት የቅርንፉድ ሽታ መጣብኝ፣ እግሬም ዝሎ ስለነበር አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ቅርንፉድ ለሌላ ሰው የሻይ ሽታ ነው፤ ለእኔ ግን የአንቲ ላታ የሠርግ ሳሪ ሽታ ነው።

አንቲ ላታ ጋርላንድ ከተማ በነበርንበት አፓርትመንት በራቸው ከበራችን ፊት ለፊት የነበረ ሕንዳዊት ጎረቤታችን ነበሩ። ባላቸው ሞተው ከልጃቸው ከፕሪያ ጋር ይኖሩ ነበር። እናቴ ፋርመርስ ብራንች ያለ የዕቃ ዌርሃውስ ውስጥ ትሠራ ስለነበር፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ እሳቸው ቤት ገብቼ፣ ሶፋው ጥግ ላይ ተቀምጬ፣ እስክትመጣ እጠብቃት ነበር። ካልጠየቁኝ አልናገርም ነበር፤ እሳቸውም ብዙ አይጠይቁም ነበርና ተስማማን።

ብርዱ አልፎ ዛፎቹ ማቆጥቆጥ ሲጀምሩ፣ አንቲ ላታ የተዳሩበትን ቀይ ሳሪ ከሻንጣ አውጥተው፣ የተጠቀለለበትን ነጭ ጨርቅ ፈትተው፣ «ነይ ቤታ፣ ጫፉን ያዢልኝ» ይሉኝ ነበር። ቤታ በእነሱ ቋንቋ ልጄ ማለት ነው። ሳሪው ሳይሰፋ ሰውነት ላይ የሚጠመጠም፣ መቀስ ያልነካው አንድ ወጥ ጨርቅ ነበር፣ ሲዘረጋም ከሳሎኑ ግድግዳ እስከ ኩሽናው በር ይደርስ ነበር። የወርቅ ክሩ በአንድ እጥፋት ላይ ብዙ ከቆየ እዚያው ላይ ስለሚሰበር፣ በየወቅቱ ተዘርግቶ በሌላ መስመር መታጠፍ ነበረበት፣ ይህን ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን አይችለውም። እኔ አንዱን ጫፍ ይዤ፣ እሳቸው ሌላውን ይዘው፣ እየተጠጋን መሀል ላይ እጃችን ሲገናኝ፣ ጫፌን ተቀብለውኝ ብል እንዳይበላው በየእጥፋቱ ቅርንፉድ ይበትኑ ነበር። ፕሪያ ተጋድማ ስልኳን እያየች፣ «እማዬ ከእኔ ይልቅ ይህን ጨርቅ ነው ተንከባክባ ያሳደገችው» እያለች ትቀልድብን ነበር።

«እሱ ቃል አይመልስልኝማ» ይሏት ነበር።

ሙቀቱ ሲበረታ ፕሪያ ታጨች፣ ከዚያ ወዲያ ስልኳ ከእጇ አልወርድ አለ። ኢንስታግራም ላይ ያሉት ሙሽሮች ነጣ ያለ ሮዝና ክሬም ስለሚለብሱ፣ ቀይ አሁን ቀርቷል እያለች ፎቶ ታሳያቸው ነበር። እሳቸው እስከ መጨረሻው ሰምተው፣ ሳሪው ግን እሷን እየጠበቀ መሆኑን ይነግሯት ነበር። አንድ ቀን ለእኔ ቪዲዮ አሳየችኝ። አንዲት ሙሽራ የእናቷን ሳሪ በድብቅ አስቆርጣ፣ ቀሚስ አሰፍታ ለብሳው ስትወጣ፣ እናትየው በደስታ ታለቅሳለች። ፕሪያ «የእኔም እናት እንዲህ ነው የምትሆነው። ቀዩን ልበሺ አላለችም? ለበስኩላት ማለት ነው» አለችኝ። ሻንጣው የት እንደሚቀመጥ የማውቀው እኔ ነበርኩና፣ ስትጠይቀኝ በጣቴ አሳየኋት። አንቲ ላታ ይህ ጨርቅ መቀስ እንደማያውቅ ባጠፍነው ቁጥር ይነግሩኝ ነበር። ግን እኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ እሷ ትልቅ ሴት፤ ጨርቁን ወደ ልብስ ሰፊ ይዛው ስትወጣ አልነገርኳትም።

ሙቀቱ በርዶ ሠርጉ ሲቃረብ፣ ፕሪያ ቪዲዮ እንድቀርጽላት ስልኳን ሰጥታኝ፣ ቀጥ አድርጌ እንድይዘውና እንዳልንቀሳቀስ ነግራኝ መኝታ ቤት ገባች። ቀሚስ ሆኖ የተሰፋውን ሳሪ ለብሳ ስትወጣ በጣም አምሮባት ነበር። አንቲ ላታ እጃቸውን በፎጣ እያደረቁ ከኩሽና መጥተው ቆሙ። ከዚያ ጎንበስ ብለው የቀሚሱን ጠርዝ በሁለት ጣታቸው ይዘው፣ በዙሪያዋ እየሄዱ ዳሰሱት፣ ዞረውም የጀመሩበት ቦታ ላይ ደረሱ።

«ሌላኛው ጫፍ የታለ?» አሉ።

እሳቸው እያለቀሱ ወደ እኔ ተመለከቱ፣ እኔም ስልኩን አላወረድኩም፤ አትንቀሳቀሺ ተብዬ ነበር።

ቪዲዮው ድምፁ ጠፍቶ፣ ዘፈን ተጨምሮበት ኢንስታግራም ላይ ወጣ። ሰው ሁሉ ልብ እየላከ የደስታ እንባ ነው አለ። ለእናቴ ስነግራት «አፍሽን ማን ሰፋው?» አለችኝ።

ብርዱ ሲገባ ጫፍ ያዢ ብሎ የጠራኝ የለም። ዛፎቹ እንደገና ሲያቆጠቁጡ አንቲ ላታ ልጃቸው ወዳለችበት ወደ ፎርት ዎርዝ ሄዱ። በሚሄዱበት ቀን በራችንን አንኳኩተው፣ በዚያው ነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ሰጡኝ፤ ከሳሪው የተረፈው ቁራጭ ነበር። ፊታቸውን ማየት አቃተኝ። «ቤታ፣ እጥፋቱን መቀየር እንዳትረሺ» ብለው ራሴን ዳሰሱኝ።

አሁን የሠርግ ልብስ የሚስተካከልበት ሱቅ እሠራለሁ። ሕንዳውያኑ ሙሽሮች ስልካቸውን ዘርግተው ይመጣሉ። ዘንድሮ ቀይ ተመልሷል፤ የእናት ሳሪ፣ ያውም ያልተቆረጠ፣ ይፈልጋሉ፣ የሌላቸውም የሰው እናት ሳሪ የት እንደሚሸጥ ይጠይቁኛል። በዚያን ጊዜ ፕሪያ ስልኳን የሚይዝላት ሰው ያስፈልጋት ነበር፤ ዛሬ ስልኩ በሦስት እግሩ ይቆማል። እኔ ተንበርክኬ ጠርዙን በመርፌ ቁልፍ እይዛለሁ፣ እየደጋገምኩም «እናትሽ ያውቃሉ?» እላለሁ። አንዳንዷ ትስቃለች፣ አንዳንዷ ፊቷን ወደ ስልኩ ትመልሳለች።

ትናንት ያንን ቁራጭ አውጥቼ እጥፋቱን ቀየርኩ። ርዝመቱ ክንዴን ያህል ነው። ሁለተኛ ሰው አያስፈልገውም።