አባዬ የላጠው ወይን

አዲሱ ገበያ ወይን ሻጩ «ቅመሺ፣ ማር ነው!» ብሎ አንድ ፍሬ ሲዘረጋልኝ ደሜ ፈላ።

በደርግ ጊዜ ጉለሌ የምንከራየው ቤት ተወርሶ የቀበሌ ከሆነ በኋላም፣ አባዬ ግቢው ውስጥ የተከለውን ወይን መግረዙን አልተወም። ፍሬ ሲይዝ ደግሞ የግንዱን ቅርፊት ዙሪያውን እንደ ቀለበት በቢላ ይልጠዋል። የተላጠው ቦታ ነጭና እርጥብ ነበር፤ ጥሬ ባቄላ ጥሬ ባቄላ ይሸታል።

«ምግቡ ወደ ሥር እንዳይወርድ ነው፣ የኔ ልጅ። ፍሬው ጋ ይቅር» አለኝ። ብዙም አልገባኝም።

አንድ ዓመት የቀበሌው ሊቀ መንበር የተላጠውን ግንድ ሲያይ «የሕዝብ ንብረት ልታደርቅ ነው? አሻጥረኛ!» ብሎ አባዬን በአብዮት ጥበቃ አስወሰደው።

ወይኑ አልደረቀም። እንዲያውም እንደዚያ ዓመት ጣፍጦ አያውቅም። ሊቀ መንበሩ ጥበቃዎቹን ይዞ መጣና በረንዳችን ላይ ተቀምጦ፣ ዘሩን ደጃችን ላይ እየተፋ በላው።

እማዬ ፊቱ ቆመች። «ጓድ ሊቀ መንበር፣ ደረቀ የተባለው ይሄ የምትበሉት ነው? ባሌን ፍቱልኝ!»

አፉን ጠረገና «ጉዳዩ ይጣራል» አላት።

የሻጩን እጅ ገፍቼ ሄድኩ። አባዬ አልተመለሰም። ይኸው እኔ ፀጉሬ ሸበተ፣ እነሱ ገና እያጣሩ ነው።