ባብቻ ጡብ የፋቀችበት ከተማ

ባለፈው ሳምንት አንዲት አሮጊት ታካሚ የአንገቷን ዶቃ አውልቃ መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ። ሳን ሆዜ ውስጥ በምሠራበት ሆስፒታል ሰው ወደ ምርመራው ማሽን ከመግባቱ በፊት ጌጡን ሁሉ ማውለቅ አለበት። ቀለበቱን፣ ሰዓቱን፣ ጉትቻውን ስቀበል ነው የምውለው። ይሄኛው ግን ቀለለኝ። ትልልቅ ቢጫ ድንጋይ ይመስላል እንጂ ክብደት የለውም፤ ከሴትዮዋ አንገት የወሰደው ሙቀትም ገና አልለቀቀውም ነበር። ሳላስበው አንዱን ፍሬ የሹራቤ እጅጌ ላይ አሸት አሸት አድርጌ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። የጥድ ሙጫ ሸተተኝ።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለችኝ ሴትዮዋ በእንግሊዝኛ፣ ፈገግ ብላ።

ይቅርታ ብዬ ዶቃውን ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩላት። እንዲህ ማድረግን ያየሁት ከሁለት ሴቶች ነው፤ ከየትኛዋ እንደወረስኩት ግን እስከ ዛሬ አላውቅም። እሱን ልንገርህ።

ያኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ኦክላንድ፣ ከቴሌግራፍ አቬኑ ገባ ብሎ ባለ የኪራይ ቤት ውስጥ አራት ሆነን እንኖር ነበር፤ አባቴ፣ እናቴ፣ እኔና የአባቴ ታላቅ እህት። አባቴን በወጣትነቱ መንግሥት ለትምህርት ወደ ፖላንድ ልኮት፣ ግዳንስክ በምትባል የወደብ ከተማ የመርከብ ሥራ ተምሯል። መርከብ ሠርቶ አያውቅም፤ እናቴን ግን ያገኛት እዚያ ነው። ኦክላንድ ላይ እሱ ከኤርፖርት ሰው የሚያመላልስ ቫን ይነዳ ነበር። እናቴ ደግሞ አጠገባችን ባለችው አልባኒ ውስጥ አዛውንቶች የሚጦሩበት ቤት ትሠራ ነበር። አክስቴ እኔን ልታሳድግ ከደሴ መጣች። እናቴ በፖሊሽ ትቆጣኛለች፣ አክስቴ በአማርኛ ትመርቀኛለች፣ እኔ ለሁለቱም በእንግሊዝኛ እመልስ ነበር። ሰው «ከየት ነሽ?» ሲለኝ መልሴን እንደ ጠያቂው ፊት እቀያይረው ነበር።

የዚያን ዓመት በጋ የእናቴ እናት ልትኖር መጣች። ባብቻ እንላት ነበር፤ በእናቴ ቋንቋ አያት ማለት ነው። ባሏ ሞቶ ብቻዋን ስለቀረች፣ እናቴ በየሳምንቱ ስልክ ላይ ስታባብላት ከርማ በመጨረሻ እሺ አሰኝታት ነው። ሻንጣዋ ሲከፈት ሳሎኑን የደረቀ እንጉዳይና የሱፍ ልብስ ሽታ ሞላው። ከሻንጣዋ ሥር በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር አወጣችና ለአክስቴ በሁለት እጇ ሰጠቻት።

አክስቴ ፈታችው። ቢጫ ዶቃ ነበር፣ ማር የመሰለ፣ አንዳንዱ ፍሬ ውስጡ ደመና ያለበት። አክስቴ አመሰግናለሁ አላለችም። አየችው፣ አየችው፤ ከዚያ አንዱን ፍሬ ሹራቧ ላይ አሸችና አሸተተችው።

ባብቻ በሳቅ ፈነዳች። ከአክስቴ እጅ ወስዳ እሷም ቀሚሷ ላይ አሸችው፣ እሷም አሸተተችው፤ ከዚያ ከጠረጴዛው ላይ የወረቀት ቁራጭ በዶቃው ስባ አነሳች። አክስቴ ይሄንንም ታውቀዋለች፤ ራሷን ነቀነቀች።

«ይሄን ከየት አመጡት በያቸው» አለችኝ አክስቴ። «የእናቴ ነው እኮ! ማለቴ የእናቴ አንገት ላይ የነበረው ይሄው ነው። የኛ አገር ዶቃ ነው። ከባቲ ገበያ ነው የሚገዛው።»

ባለችኝ ፖሊሽ ተረጎምኩ። ባብቻ ራሷን በአሉታ ወዘወዘች።

«ይሄ የኛ ባሕር ነው የተፋው» አለች። «ማዕበል ባደረ ጠዋት ከአሸዋው ላይ ትለቅሚዋለሽ። ከተማችን በዚህ ነው የከበረችው።»

ለአክስቴ ነገርኳት። «አይደለም በያቸው» አለች። ለባብቻ ነገርኳት። «ነው በያት» አለች። እኔ መሐል ቆሜ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ እዞር ነበር፤ ሁለቱም ደግሞ አልተቆጡም፣ እየሳቁ ነው እምቢ የሚሉት፤ ይሄ ነው ይበልጥ ግራ ያጋባኝ።

ማታ አባቴ ሲመጣ ዳኝነቱ ለእሱ ተሰጠ። ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ጀመረ። ግዳንስክ ማለት ገበያ ነች አለን። ከአገር ውስጥ እህሉና ግንዱ በወንዝ ይወርድላታል፣ ከባሕር ጨውና ዓሣ ይመጣላታል፣ እሷ መሐል ተቀምጣ ትሸጣለች፣ ትለውጣለች። ጀርመኖቹ ዳንዚግ ይሏታል፣ ፖላንዶቹ ግዳንስክ፤ በሁለቱም ስም ተነግዶባታል። አምበሩም፣ ይሄ ዶቃ የሚሠራበት የጥንት ዛፍ ሙጫ፣ ከዚያ ከነጋዴ እጅ ወደ ነጋዴ እጅ እየተላለፈ፣ ዓረቦቹ ጋ ደርሶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ በግመል ባቲ ገብቶ ይሆናል።

«ይሆናል ነው የምልሽ፣ እትዬ» አለ። «ማን አይቶት!»

አክስቴ እጇን አገጯ ላይ አደረገች። «ታዲያ እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ የፈረንጅ ባሕር አንገቷ ላይ አስራ ነው የኖረችው?» አለች። አባቴ ሳቀ። አክስቴ ግን አልሳቀችም። ዶቃውን አንገቷ ላይ አድርጋ ወደ መኝታ ቤቷ ገባች።

ከዚያ በኋላ ሁለቱ አይለያዩም ነበር። ባብቻ እኛ ጓሮ መቀመጣችንን አልወደደችውም። በእሷ ከተማ ነጋዴዎቹ ከበራፋቸው ፊት ለፊት ሰፊ የድንጋይ ደረጃ ይሠሩ እንደነበር፣ እዚያ ላይ ተቀምጠው መንገዱን እያዩ ይውሉ እንደነበር ነገረችን። እናም ሁለት ወንበር አወጣች፤ ከእኛ ቤት ፊት ለፊት፣ አውቶቡሱ ከሚታይበት፣ የጎረቤት ሬዲዮ ከሚሰማበት። አክስቴ ቦሎቄ ትፈለፍላለች፣ ባብቻ ሹራብ ትሠራለች። ባብቻ በፖሊሽ ታወራለች፣ አክስቴ «እህ... እህ» እያለች ትሰማና በአማርኛ ትቀጥላለች። እኔ ሁለቱንም እሰማለሁ። አንዷ ስለ ሟች ባሏ ጉንፋን ስታወራ ሌላዋ ስለ ወንድሟ ሠርግ ትመልሳለች፤ ግን ሲያዝኑ አብረው ያዝናሉ፣ ሲስቁ አብረው ይስቃሉ። «አልተግባባችሁም እኮ!» ልላቸው ይቃጣኝና እተወዋለሁ። አንድ ቀን አክስቴ «እሳቸው» ማለቷን ትታ «እሷ» ስትል ሰማኋት። እንደ እህት አቅርባታለች ማለት ነው፤ መቼ እንደጀመረች አላስተዋልኩም።

በነሐሴ አንድ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ አባቴ ወደብ ዳር ወሰደን። የኦክላንድን ነጫጭ ክሬኖች ታውቃቸዋለህ፤ እንደ ፈረስ አንገታቸውን አቅንተው ውኃው ላይ የቆሙትን። ንፋሱ የናፍጣና የባሕር ሣር ሽታ ያመጣል። ባብቻ ክሬኖቹን ስታይ እጇን አጨበጨበች። በከተማዋ ወንዝ ዳር ያለው ጥንታዊ ክሬን ከእንጨት ነው፤ ሆዱ ውስጥ ትልቅ መንኮራኩር አለ፣ ሰዎች እንደ አይጥ ውስጡ እየተራመዱ ነው በርሜሉን ከመርከብ የሚያነሱት። ቤቶቹ ደግሞ ፊታቸው ጠባብ፣ ቁመታቸው ረጅም፣ ቀይ፣ ወርቃማ፣ አረንጓዴ፤ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው የቆሙ። እኔ ቤቶቹን አውቃቸዋለሁ። እናቴ የፍሪጁ በር ላይ ሥዕላቸውን ለጥፋዋለች፤ ብዙ መቶ ዓመት የሆናቸው ቤቶች ናቸው ትለኝ ነበር።

«አንቺ የተወለድሽበት የትኛው ነው?» አልኳት ባብቻን።

«እኔ እዚያ አልተወለድኩም» አለችኝ።

እናቴን አየኋት። እናቴ ባሕሩን ታያለች።

ባብቻ የተወለደችው በምሥራቅ በኩል ባለች ትንሽ ከተማ ነው፤ ዛሬ የሌላ አገር ሆናለች። «ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያልቅ ድንበሩ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ሄደ፣ እኛም ተከተልነው» አለችኝ። ከእናቷና ከአንዲት ላም ጋር የዕቃ ባቡር ላይ ተጭና ግዳንስክ ገባች። ከተማዋ ተቃጥላ ነበር። ከእንጨቱ ክሬን የቀረው የጡብ ግድግዳው ብቻ ነበር፣ ያ ሁሉ የነጋዴ ቤት ደግሞ የፍርስራሽ ክምር። እነሱን ከከተማው ወጣ ብሎ ከእሳት የተረፈ ቤት ውስጥ አስገቧቸው። ጠረጴዛው ላይ የሰው ሳህን ነበር። ማንኪያዎቹ ላይ የሌላ ሰው ስም የመጀመሪያ ፊደል ተቀርጾባቸዋል።

«ሰዎቹስ?» አልኳት።

«ጀርመኖች ነበሩ። ወደ ምዕራብ ሄዱ። ሄዱ ልበልሽ እንጂ፣ አባረሯቸው።»

«እናንተ ቤትስ ማን ገባ?»

«አላውቅም። እሱም ከሩቅ የመጣ ይሆናል፣ ምስኪን።»

«ታዲያ ሥዕሉ ላይ ያሉት አሮጌ ቤቶች?»

«እነሱን የሠራናቸው እኛ ነን» አለች። «እኔ ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። ከክምሩ ውስጥ ደህና ጡብ እየመረጥን ኖራውን በመዶሻ እንፍቅ ነበር። ክረምት ነው። ጣቴ ይደማ ነበር። እንደ ድሮው አድርገን መልሰን ሠራናቸው።»

«ስለዚህ አሮጌ ናቸው ወይስ አዲስ?»

ባብቻ አሰበች። «ጡቡ አሮጌ ነው» አለች።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ራሴን አዞረኝ። አንድ ሰው ወንበር ሲለቅ ሌላው ሲቀመጥበት፣ የዚያኛውን ደግሞ ሌላው ሲወስድ ይታየኝ ጀመር። እኛ ከመምጣታችን በፊት ይሄ የኦክላንድ ቤት የማን ነበር? አባቴን ጠየቅኩት። «እኔ ምን አውቄ፣ ባለቤቱ የሰጠንን ተከራየን» አለኝ። ለብዙ ቀን ቁም ሳጥን በከፈትኩ ቁጥር የሌላ ሰው ስም ያለበት ማንኪያ የማገኝ ይመስለኝ ነበር።

ትምህርት ቤት ከተከፈተ በኋላ ነው ባብቻ እመለሳለሁ ያለችው። ከትምህርት ቤት ስገባ ወጥ ቤቱ ውስጥ ጭቅጭቅ ተነሥቷል። እናቴ ለሥራ እንደለበሰች ቆማለች። አባቴ በር ላይ ነው።

«የግሪን ካርዱን ፔፐር አስገብተናል እኮ» ይላታል ለእናቴ በአማርኛ። «ላውየሩን ምን ልበለው?»

እናቴ አልሰማችውም። ለባብቻ በፖሊሽ፣ «ይሄም ወደብ ነው!» አለቻት። «እዚህም ባሕር አለ። እኔ አለሁ፣ ልጅቷ አለች። እዚያ ማን አለሽ? ደግሞ እዚያ አልተወለድሽም!»

«አልተወለድኩም» አለች ባብቻ። «ግን ጡቡን ፍቄዋለሁ።»

እናቴ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። አክስቴ እጅጌዬን ጎተተችኝ። «ምን አለች? ምን አለች?»

«ጡብ ፍቄአለሁ አለች» አልኳት። ተርጉሜ ስጨርስ ለእኔ ራሱ ትርጉም አልሰጠኝም።

አክስቴ ቦሎቄዋን አስቀምጣ ተነሣች። «አፈር ስሆን፣ ክረምቱን እንኳ ትቆይ በያት» አለችኝ።

እንደሰማሁት ቃል በቃል ተረጎምኩት። አክስቴ አፈር ልትሆን ነው፣ እስከዚያ ቆዪላት አልኳት። ባብቻ ደነገጠች። የአክስቴን ግንባር በመዳፏ ነካች። «ታማለች እንዴ? ሐኪም ምን አለ?» አባቴ በር ላይ ቆሞ ለቅሶ ይሁን ሳቅ ያልለየ ድምፅ አወጣ። እናቴም ከእጇ ውስጥ ቀና ብላ ሳቀች፣ ዓይኗ እንደረጠበ። አፈር መሆኑ ልመና እንጂ በሽታ አለመሆኑን ለማስረዳት ከግማሽ ሰዓት በላይ ፈጀብን።

ግን አልቆየችም። የሄደች ዕለት አባቴ ሻንጣውን ቫኑ ላይ ሲጭን አክስቴ ኤርፖርት አልሄድም አለች። ደረጃው ላይ ተቃቅፈው ቆሙ። አክስቴ በአማርኛ፣ ባብቻ በፖሊሽ፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ያወሩ ነበር፤ እኔን ተርጉሚ ያለኝ የለም። ቫኑ ከመንገዱ ሲታጠፍ አክስቴ አንዱን ወንበር አንሥታ ወደ ቤት ልታስገባ ጀመረችና እንደገና ቦታው መለሰችው።

ከሦስት ዓመት በኋላ አክስቴ በልብ ሕመም አረፈች። ቤታችን በሰው ሞላ፤ ከሳን ፓብሎ፣ ከሳን ሆዜ፣ ከየት ከየቱ የመጣ ሰው ምንጣፉ ላይ ሁሉ ተቀመጠ። ጠዋት ላይ እናቴ ባብቻ ጋ ደወለች፤ እዚያ መምሸቱ ነበር። ጥቂት ቃል ተናገረችና መቀጠል ስላቃታት ስልኩን ሰጠችኝ።

ጆሮዬ ላይ የባብቻ ትንፋሽ ብቻ ነው ያለው። የሆነ ነገር በፖሊሽ ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። ቃላት አዘጋጀሁ፤ በልቧ ነው የሞተችው፣ አልተሠቃየችም፣ የሚል ዓረፍተ ነገር በልቤ እየገጣጠምኩ ነበር።

«አይ እህቴ» አለች ባብቻ። በአማርኛ። ጥርት ባለ፣ የደሴ ሰው በሚጎትተው አጎታተት። «አይ እህቴ፣ አይ እህቴ።»

እኔ አላስተማርኳትም። እናቴም አላስተማረቻትም። በፖሊሽ ያዘጋጀሁትን ዓረፍተ ነገር ትቼ፣ ከኋላዬ ሰው እያለቀሰ፣ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ያዝኩት። እሷም አልዘጋችውም።