ብቻዋን የሮጠች ልጅ

መምህር እንኳየሁ ዘጠኝ ዓመት በወታደርነት ካገለገሉ በኋላ፣ በ፲፱፻፵፱ ዓ.ም. ጎንደር ከተማ ውስጥ የጂምናስቲክ አስተማሪ ሆነው ተቀጠሩ። ሥራ የፈታ ጉልበት እንደ ማረሻ ይዝጋል የሚል የጸና እምነት ነበራቸውና ተማሪዎቻቸውን በየማለዳው ከቀሐ ወንዝ ጀምረው ዳገቱን ያስሮጡ ነበር።

ከተማሪዎቹ አንዷ የዐሥራ አምስት ዓመቷ ይመኙሽ ነበረች። መስከረም ላይ ዳገቱን ሳታጋምስ ትንፋሿ እየተቆረጠ ትቀመጥ ነበር፤ የካቲት ሲገባ ወንዶቹን ቀድማ መውጣት ጀመረች። መምህሩም አንድ ማለዳ ፍጥነቷን በሰዓት ሊለኩ ብቻዋን አስሮጧት። ስሕተታቸው ይህ ነበር።

በዚያ ሰፈር ሴት ልጅ ብቻዋን የምትሮጠው ሰው ሞቶ መርዶ ስታደርስ ነው። እናቷ ወይዘሮ እማዋይሽ ደግሞ በንዳድ ተኝተው ሰንብተዋል። ይመኙሽ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ስታልፍ፣ አክስቷ አየለች ከአጥሯ ሥር አየቻት፤ ሳትጠይቅም "እኅቴን! እኅቴን!" ብላ ጮኸች። ጎረቤቱ ደረቱን እየደቃ ወደ ወይዘሮ እማዋይሽ ቤት ሲጎርፍ፣ ሟች የተባሉት ሴት ጋቢ ደርበው ብቅ አሉና፣ "ማን ሞተ?" ብለው ጠየቁ።

ወሬው ግን ቀድሞ አዘዞ ገበያ ደርሶ ነበር። አባትየው አያ ሐብተ ማርያም ከገበያው በቅሏቸውን እየጋለቡ መጥተው ሚስታቸውን በሕይወት ባዩ ጊዜ ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። ሲነሡ በቁጣ ተነሡ።

ከሰዓት በኋላ መምህሩ በሽማግሌዎች ፊት ቆሙ።

"ለሚስቴ በቁሟ ያስለቀሰ ሰው ልጄን አያስተምርም!" አሉ አባት። "ከትምህርት ቤት አስወጥቼ ለጠየቃት ባል እሰጣታለሁ፤ ሠርጓ ከፋሲካ አያልፍም!"

ይመኙሽ ከእናቷ ኋላ ቆማ ታለቅሳለች። መምህሩ ከእርሷ ላይ ዓይናቸውን ማንሣት አቃታቸው።

"ብቻዋን ማስሮጤ ጥፋት ነው፤ እክሳለሁ" አሉ። "ማስሮጤን ግን ጥፋት ነው አልልም።"

"ምነው መምህር!" አሉ የሽማግሌዎቹ አለቃ አያ ዳኛው። "ሴት ልጅ ሮጣ ምን ልታመጣ ነው? ጥንቸል ልትይዝ?"

ሳቅ ሆነ።

"እኔ ልመልስ፤ የተለቀሰልኝ እኔ ነኝ" አሉ ወይዘሮ እማዋይሽ። "አምና ከቀሐ አንድ እንስራ ውሃ ስታመጣ ሦስት ጊዜ ታርፍ ነበር፤ ማታም ራሴን እያለች ትገላበጣለች። ዘንድሮ ሳታርፍ ትወጣለች፤ እንቅልፏም ሸጋ ነው። እኔ በተኛሁበት ወር ቤቱ በማን ጉልበት ቆመ? እስቲ እርስዎ ይናገሩ!" አሉ ወደ ባላቸው ዞረው።

አያ ሐብተ ማርያም መሬት መሬት አዩ።

ሽማግሌዎቹ ከተመካከሩ በኋላ አያ ዳኛው ፈረዱ፤ "ልጅቱ ትማር፤ ከጓደኞቿም ጋር ትሩጥ። በአባቷ ደጅ ግን ሁሉም በእርምጃ ይለፉ።"

በማግሥቱ ሠላሳው ተማሪ ሰፈሩ ሲደርስ ሩጫውን አቆመ። አያ ሐብተ ማርያም በትራቸውን ጨብጠው ደጃፉ ላይ ቆመዋል። ይመኙሽ ትንፋሿን ውጣ፣ ግራ ቀኝ ሳታይ በእርምጃ አለፈች። መምህሩም ከኋላዋ አለፉ። ማንም አልጮኸም።

ከመታጠፊያው ማዶ የመምህሩ ፊሽካ ተነፋ፤ ሩጫውም ቀጠለ።