ቺንጋው ይቀየርና

ቀለም ቀቢው ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ ትንሽዬ ቀይ ስፖርት መኪና የገዛው ሦስተኛ ልጁ በተወለደ ሰሞን ነው። "ልጆቹን ኮፈኑ ላይ ልትጭናቸው ነው?" አለችው ሚስቱ፤ ፊቷ ግን ይስቅ ነበር። ዝቅ ያለው መቀመጫ ውስጥ ገብታ እግሯን ዘረጋችና "በል እስቲ አንሸራሽረኝ" አለችው።

መካኒኩ ግን አስጠንቅቆት ነበር። "የታይሚንግ ቺንጋው፣ ሞተሩ ውስጥ ያለው ባለጥርስ የጎማ ቀበቶ፣ መቼ እንደተቀየረ አይታወቅም። እየሄድክ ከተበጠሰ ፒስተኑ ቫልቩን ይመታና ሞተሩ አለቀለት ማለት ነው። ሳይቀየር እንዳትነዳት።" ቀለም ቀቢው ደግሞ ሲበዛ ጠንቃቃ ነው። "ቺንጋው ይቀየርና" ብሎ ሚስቱን ከመቀመጫው አስነሳት።

መጀመሪያ የቤቱ ጣሪያ ማፍሰስ ጀመረ። ቀጥሎ ልጆቹ ትምህርት ቤት ገቡ። ሁሉም ሲሟላለት ደግሞ፣ ከተቀየረ አይቀር የውሃ ፓምፑም መወጠሪያውም አብረው ይቀየሩ እያለ አጓተተው። መኪናዋ ጓሮ ውስጥ ሸራ ለብሳ ቀረች። እሁድ እሁድ ሸራውን ገልጦ ይወለውላታል። ልጆቹ ከፍ ሲሉ ነገሩን መቀለጃ አደረጉት፤ የማይሆን ነገር ሲጠየቁ "ቺንጋው ሲቀየር" ይላሉ። እናታቸውም አብራ ትስቃለች። መጠየቁን ግን ትታዋለች፤ መቼ እንደተወችው እሱ ልብ አላለም።

አርጅቶ ብሩሹን ሲሰቅል፣ መኪናዋን አስጎትቶ ጋራዥ ወሰዳት። የድሮው መካኒክ ሞቶ ሴት ልጁ ተተክታለች። ቺንጋውን ፈትታ በጣቷ ስታጥፈው ጥርሶቹ ስንጥቅጥቅ ብለዋል።

"አልነዳኋትም እኮ" አላት።

"ጋሼ፣ ጎማ እኮ ቆሞም ያረጃል።"

ምልክቶቹን አገጣጥማ አዲሱን አስገባች፣ ወጠረችው፣ ሞተሩን በመፍቻ ቀስ ብላ አዙራ አረጋገጠች። ጠዋት ጀምራ ምሳ ሳይደርስ ጨረሰች።

"በቃ? ይኸው ነው?" አለ ቀለም ቀቢው።

"ይኸው ነው።"

ቤቱ ሲደርስ ጥሩንባውን ነፋ። ሚስቱ ግድግዳውን እየተደገፈች ወጣች። አንድ እግሯን አስገባች፤ ጉልበቷ ግን አልታጠፍ አለ። ብብቷን ይዞ ዝቅ ሊያደርጋት ሲሞክር ሕመሙ ፊቷን አጨማደደው።

"ተወው" አለችው፣ በሩን ይዛ ቁና ቁና እየተነፈሰች። "አንተ ዞር ዞር ብለህ ና።"

እስከ መታጠፊያው ሄዶ ተመለሰና ደረጃው ላይ አጠገቧ ተቀመጠ።

"ፈርቼ እኮ ነው" አላት። "መንገድ ላይ ቢበጠስብንስ ብዬ።"

"ቢበጠስስ? ገፍተናት እንመጣ ነበራ። ያኔ እኮ ጉልበት ነበረኝ።"



ብዙም ሳይቆይ መኪናዋን ሸጦ መቀመጫዋ ከፍ ያለ አሮጌ መኪና ገዛ። ሚስቱ ወደዚህ ካለችው ወደዚህ፣ ወደዚያ ካለችው ወደዚያ ይወስዳታል። አንዳንዴ ጣሪያዋ የተከፈተ ትንሽ መኪና አልፋቸው ስትፈተለክ፣ እሷ አንገቷን አስግጋ እስክትሰወር ታያታለች። እሱ መሪውን ጨብጦ መንገድ መንገዱን ያያል።