ቀረጡን ያወረድኩ ዕለት

ሬድዮ ላይ መናገር የጀመርኩት ከእውቀቴ ይልቅ በምላሴ ነው። እንደ እኔ ኢኮኖሚክስ የሚያስተምር ሰው ሞልቷል፤ ጥያቄው ሳያልቅ መልስ የሚጀምር ግን ብዙ አይገኝም። ስለዚህ ቀረጥ ተጨመረ፣ ምንዛሪ ወረደ፣ ስኳር ተወደደ በተባለ ቁጥር ስልኬ ይጮሃል። እኔም ዓይኔን ሳላሽ እሄዳለሁ። እውነቱን ለመናገር ደስ ይለኛል።

የዚያን ቅዳሜ ርዕስ ከውጭ የሚገባ ብርድ ልብስ ላይ የተጣለው ቀረጥ ነበር። «ዛሬውኑ ይውረድ!» አልኩ፣ ጠረጴዛውን መታ አድርጌ። «ድሃው በብርድ እየተንቀጠቀጠ እኛ ለማን ብለን ነው በር የምንዘጋው? እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ፤ ብርድን ከመጽሐፍ አይደለም የማውቀው።» አስተናባሪው በጭንቅላቱ ደጋግሞ ተስማማ። እኔም በራሴ ንግግር ሞቅ አለኝ። ከዚያ የአድማጮች መስመር ተከፈተ።

ሦስተኛው ደዋይ «ከመንዝ ነው፤ ሸማኔ ነኝ» ሲል ድምፁን ለየሁት። አባባ ነበሩ። አባባ ገብስ ያርሳሉ፤ አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ ደግሞ ከገዛ በጎቻቸው ጠጉር ባና ይሸምናሉ። እማዬ የፈተለችውን እሳቸው ሸምነው ዘመሮና ቀየት ገበያ ያወጡታል። እኔ የተማርኩት በዚያ ወፍራም ብርድ ልብስ ነው።

«ምሁሯን አንድ ነገር ልጠይቃቸው» አሉ። ከልጅነቴ ጀምሮ እርስዎ የምለው እኔ ነኝ፤ በዚያን ቀን ግን እሳቸው እኔን እርስዎ አሉኝ። «እንዳሉት የውጭው ከረከሰ፣ ባና የሚሠራው ሰው ምን ይሁን ይላሉ?»

ያኔ «አባባ» ብል ኖሮ ነገሩ በሳቅ ባለቀ ነበር። እኔ ግን ጉሮሮዬን ጠራርጌ «ጥሩ ጥያቄ ነው» አልኩ። «እንዲህ ባለ ጊዜ ሠራተኛው ወደ ሌላ ሥራ ይዛወራል።»

«ወደ የትኛው?»

«እሱን ገበያው ይወስነዋል።»

«እሺ። እግዜር ይስጥልኝ።» መስመሩ ተዘጋ። አስተናባሪው «እንዴት ያሉ ትሑት አድማጭ ናቸው» አለ።

ሰኞ ጠዋት እማዬ ደወለች። «ምን ብለሽው ነው? አባትሽ የሽመና ዕቃውን ሊፈታ ነው።»

«ለምን?»

«ተዛወር ተብያለሁ ይላል። እንጨቱን ለጎረቤት አጥር ሊሰጠው ነው። እኔስ ይሄን ሁሉ የፈተልኩትን ጠጉር ምን ላድርገው? ለአህያው ካልሲ ልሥራበት?»

በማግስቱ ማለዳ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ድምፄን ደብቄ ለመሄድ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ረዳቱ በታሪፉ ላይ ሲጨምርብኝ ዝም ማለት አልቻልኩም። ገና ሁለት ዓረፍተ ነገር ሳልጨርስ ከኋላ የተቀመጡ ባልቴት «ይቺ ቀረጡን ያወረደችው ሴትዮ አይደለችም እንዴ?» አሉ። አውቶቡሱ በሙሉ ዞረ።

«እማማ፣ እኔ አላወረድኩም። አስተያየት ነው የሰጠሁት።»

ማን ሊሰማኝ! አንዱ ነጋዴ የቆርቆሮውን እንዳወርድለት ለመነኝ። አንድ ቄስ ለቤተ ክርስቲያን የሚገዛውን ጃንጥላ አስታወሱኝ። በእኛ አገር ሕዝብ ፊት ቆሞ የሚናገር ሰው ወይ ዳኛ ነው ወይ ተከሳሽ፤ ሳይወስን፣ ሳይከሰስም ዝም ብሎ የሚናገር ሰው የሚባል የለም። ይህንን እያወቅሁ ያደግሁ ልጅ ነኝ፤ ግን በከተማ ኑሮ ረስቼዋለሁ። ባልቴቷ በመጨረሻ «ታዲያ ካልወሰንሽ ለምን ትናገሪያለሽ?» አሉኝ። ቀሪውን መንገድ በመስኮት ገደሉን ስመለከት ሄድኩ።

አባባ በር ላይ ተቀምጠው በደስታ ተቀበሉኝ። የሽመና ዕቃው አሁንም በጎጆው ውስጥ ቆሟል፤ ድሩ ላይ ግማሽ ድረስ የተሸመነ ባና አለ።

«እንኳን መጣሽ። የትኛው ሥራ እንደሆነ ሳትነግሪኝ መስመሩ ተዘጋ።»

«በግ ማድለብ» አልኩ።

«እሱንማ አሁንም እሠራለሁ።»

«ንብ ማነብ።»

«በዚህ ብርድ? ለንቧም ባና ልሸምንላት ነው?»

«ንግድ።»

«መዋሸት ጥርስ ይጠይቃል። የኔ አልቋል።»

እማዬ ከውስጥ እየሳቀች ሰማኋት። እኔም ሳቅሁ፤ ቀልድ ነው፣ አለቀ ብዬ። አባባ ግን አልሳቁም።

«በሳቅ አታሳልፊው። ልጄ አገር በሚሰማበት ቦታ ተዛወር ብላኛለች። አልዛወርም ብዬ እዚያው ብቀመጥ ሰው ምን ይላል? አባቷ እንኳን ያልሰማት ይልሻል። ዋሾ አላደርግሽም።»

እኚህ ሰው የዕድሜ ልክ ሥራቸውን ሊያፈርሱ የተነሱት የእኔ ቃል እንዳይወድቅ ብለው ነው። ተሳስቻለሁ ለማለት ግን አፌ አልታዘዝ አለኝ፤ ምክንያቱም ገና አላመንኩበትም። ትምህርቱ ትክክል ነው እላለሁ በሆዴ። ሌላው ሸማኔ ሁሉ ይዛወር፤ የእኔ አባት ብቻ ይቅሩ ነው ሐሳቤ። ይህ ምን ዓይነት ምሁርነት እንደሆነ ለሰሚው ግራ ነው።

በማግስቱ ጓሳ የሚከፈትበት ቀን ነበር። ጓሳ ከመንደራችን በላይ ያለው ሰፊ የጋራ ሜዳ ነው፤ ስሙን ያገኘው ለጣሪያ ከሚሆነው ሣር ነው። ሣሩ እንዲያድግ ለዓመታት ተዘግቶ ይጠበቃል፤ ሲደርስ ሽማግሌዎች ቀን ይቆርጡና ሁሉም በአንድነት ገብቶ ያጭዳል። የከብቶቹ ጎጆ ጣሪያ አርጅቶ ስለነበር ከአባባ ጋር አህያውን ነድተን ወጣን።

ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። ሰዉ ማጭዱን ይዞ ከሜዳው ዳር ተደርድሮ ይጠብቃል፤ አንድም እግር ወደ ውስጥ አያልፍም። ተከፍቷል ሲባል ሴቱም ወንዱም እየተሳሳቀ ገባ። እኔም ታጥቄ ገባሁ፤ ሁለት ነዶ ሳላስር እጄ ውኃ ቋጠረ። ትንፋሼን ልሰብስብ ብዬ ሜዳውን ከሚያስጠብቁት ሽማግሌዎች አንዱ አጠገብ ተቀመጥኩ። አመሌ አይለቀኝም፤ ጥያቄ ጀመርኩ።

«ይህን ያህል ዓመት ሲዘጋ ሣር የቸገረው ሰው አያጉረመርምም?»

«ያጉረመርማል እንጂ።»

«ታዲያ እንዴት ይታዘዛል?»

«ቀኑ ይነገረዋላ» አሉ፣ እንዲህ ያለ ቀላል ነገር መጠየቄ ገርሟቸው። «ሲዘጋም ይነገራል፣ ሲከፈትም ይነገራል። ቀኑን ያወቀ ሰው ጣሪያውን በጊዜው ይጠግናል፣ ከብቱን ሌላ ቦታ ይልካል። ማንም ሳይሰማ ባንድ ጠዋት ተነስቶ የሚከፍተውን ግን እኛ ሌባ ነው የምንለው።»

ከዚያ በኋላ ማጨድ አልሆነልኝም። ስንት ዓመት ተማሪ ፊት ቆሜ የደሰኮርኩት ነገር እዚያ ሣር ላይ ተቀምጬ ገባኝ። በሩ ይከፈት ማለቴ አልነበረም ጥፋቴ፤ ድሃ አሁንም ርካሽ ብርድ ልብስ ያስፈልገዋል፣ ይህን ዛሬም እላለሁ። ጥፋቴ «ዛሬውኑ» ማለቴ ነው። ለሸማኔው ቀን አልሰጠሁትም። ድሩን የሚጨርስበት፣ ልጁን ሌላ ሥራ የሚያስተምርበት፣ ወይም ባናውን አሳምሮ ከውጭው ጋር የሚወዳደርበት ጊዜ ሳልሰጠው ነው ዞር በል ያልኩት።

ሣሩን ጭነን ቁልቁለቱን ስንወርድ ነገርኳቸው። «አባባ፣ ተሳስቻለሁ።» እንዴት እንደተሳሳትኩም አንድ ባንድ ዘረዘርኩ። አህያውን አቆሙት።

«ለኔ ለምን ትነግሪኛለሽ? የተሳሳትሽው ሬድዮ ላይ አይደለም?»

«ሬድዮ ላይ ተሳስቻለሁ ልበል? ማን ከዚያ በኋላ ይሰማኛል?»

«የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይላሉ» አሉና በጎን አዩኝ። «እኔ ግን አንቺም ቃልሽም እንዳትጠፉብኝ እፈልጋለሁ። እስከ ቅዳሜ እንጨቱን አልነካም። ቅዳሜ ካልሰማሁ ሰኞ ለአጥሩ ይሄዳል።» ከዚያ ጭነቱን አጥብቀው አህያውን ነዱት።

የቅዳሜው ርዕስ የውጭ ምንዛሪ ነበር። አስተናባሪው ገና እያስተዋወቀኝ ሳለ «ይቅርታ፣ ከምንዛሪው በፊት አንድ ነገር አለኝ» አልኩ። በሙያችን «ሁኔታው ተለውጧል» ይባላል እንጂ ተሳስቻለሁ አይባልም። «ባለፈው ቀረጡ ዛሬውኑ ይውረድ ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ይውረድ፤ ግን በደረጃ፣ ቀኑ አስቀድሞ ተነግሮ፣ ሸማኔው የሚዘጋጅበት ጊዜ ተሰጥቶት። አንድ አድማጭ ወደ የትኛው ሥራ ብለው ጠይቀውኝ ነበር። መልሱን አላውቀውም ነበር፤ አላውቅም ማለት ነበረብኝ።»

አስተናባሪው ወረቀቱን አገላበጠ። መስመሩ ሲከፈት በእያንዳንዱ ጥሪ የአባባን ድምፅ እጠብቅ ነበር። አንዱ ስለ ዶላር፣ ሌላው ስለ ቤት ኪራይ ጠየቀ። አንዷ «ምሁር ተሳስቻለሁ ሲል ዛሬ ገና ሰማሁ» ብላ ሳቀችብኝ። ከመንዝ ግን ማንም አልደወለም።

ከስቱዲዮ እንደወጣሁ፣ በረንዳው ላይ ሆኜ ቤት ደወልኩ። ያነሳችው እማዬ ናት።

«እማዬ፣ አባባ ሰሙ?»

«ቆዪ፣ አይሰማኝም፤ ጩኸት ነው እዚህ» አለችና ስልኩን ወደ ውስጥ ይዛ ገባች። ጧ፣ ጧ የሚል የሽመና ዕቃው ድምፅ ጆሮዬን ሞላው። «ልጅህ ናት፣ ና አናግራት» ስትላቸው ሰማሁ።

ድምፁ ለአፍታም አልቆመም። «ሥራ ይዣለሁ በያት» አሉ አባባ። «እሷም ሥራዋን ትያዝ።»